ስትሮክ ዘር ይመርጣል?

ፍኖተ ሰላም ገበያ ገብተው የአንድ ኪሎ ዛላ በርበሬ ዋጋ ቢጠይቁ ሻጭም ገዢም ሳያስቡ ይነግሩዎታል። የዘንድሮው ካምናው በምን እንደሚለይ ጭምር ያስረዱዎታል። እዚያው ቆመው «ደም ግፊትዎ ስንት ነው?» ቢሉ ግን የሚያገኙት መልስ ሳቅ ነው። «እኔ ምን ሆኜ? ደህና ነኝ እኮ!» እርስዎስ? የባንክ ሒሳብ ቁጥርዎንና የመኪናዎን ታርጋ በቃልዎ ይዘው ይሆናል። የእናትዎን ወይም የአባትዎን የደም ግፊት ቁጥር ግን ያውቁታል?

ይህን የማነሣው በቅርቡ በቤተ ዘመድ ጨዋታ መካከል ከተነሣ ክርክር ተነሥቼ ነው። አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውሎ «ሐኪሜ ጥቁር ስለሆንክ ለስትሮክ ተጋላጭ ነህ፣ ግፊትህን ተከታተል አለኝ» ብሎ ነገረን። አክስቴ ተቆጡ። «እኛ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው? እሱ የነሱ በሽታ ነው፤ በእኛ ዘር የለም!» አሉ። አንዱ ዘመዳችን በበኩሉ «በዘር ከሆነማ ምን ይደረጋል፣ የታዘዘውን መቀበል ነው» አለ። ሁለቱም ንግግሮች የሚያደርሱት አንድ ቦታ መሆኑ ነው የቆረቆረኝ። «የእኛ በሽታ አይደለም» ያለም፣ «በዘራችን ተጽፏል» ያለም ግፊቱን አይለካም።

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። የተማርኩት ንግድ ሥራ አስተዳደር ነው፤ እንጀራዬም ሽያጭና ገበያ ጥናት ነው። ቁጥር ሲቀርብልኝ ግን «ከማን ጋር ተወዳድሮ?» ማለት ሙያዬ አስተምሮኛል። እስቲ ቁጥሮቹን አብረን እንያቸው።

አሜሪካኖች የቆጠሩት

የአክስቴ ልጅ ሐኪም አልዋሸም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ ጥቁር አሜሪካውያን ለመጀመሪያ ጊዜ በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው የነጮቹን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። በስትሮክ የመሞት መጠናቸውም ከፍተኛ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ያሉ እንደ አላባማ፣ ሚሲሲፒ፣ ጆርጂያና ካሮላይና ያሉ ግዛቶች ደግሞ ጥቁርም ነጭም ሳይል ብዙ ሰው በስትሮክ ስለሚሞትባቸው «የስትሮክ ቀበቶ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ «ሪጋርድስ» የተባለ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ። የመራው በርሚንግሃም የሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 30,239 ጥቁሮችና ነጮች ተመዝግበው ለዓመታት ተከታተሏቸው። ከውጤቱ ሦስት ነገሮች ለእኛም ይጠቅሙናል።

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው የሞት ልዩነት በ45 ዓመት አካባቢ ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየጠበበ ሄዶ 85 ዓመት ላይ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ሽማግሌዎችን ሳይሆን ልጅ የሚያሳድጉትን፣ ቤት የሚያስተዳድሩትን ነው የሚነጥቀው። ሁለተኛው፣ አንዴ ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ጥቁሮቹም ነጮቹም የሚሞቱት በተቀራረበ መጠን ነው። ጥቁሮቹ በብዛት የሚሞቱት በብዛት ስለሚመቱ ነው። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ያለው ሰውየው ሆስፒታል ከመግባቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ሦስተኛው፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ ገቢና ትምህርት ሲታሰቡ ከልዩነቱ ግማሽ ያህሉ ይገለጻል።

የቀረው ግማሽስ? እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። ከእነዚሁ ሰዎች የተገኘና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ውጤት እንዳሳየው፣ የላይኛው የግፊት ቁጥር በ10 ሲጨምር የነጮቹ የስትሮክ አደጋ በ8 በመቶ፣ የጥቁሮቹ ግን በ24 በመቶ ይጨምራል። «ይኸው፣ በደም ውስጥ ያለ ነገር ነው» ለማለት ይቸኩሉ ይሆናል። አይቸኩሉ። አንዱ በ30 ዓመቱ፣ ሌላው በ50 ዓመቱ ግፊት ከያዛቸው ዛሬ ሲለኩ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም፣ የአንደኛው የደም ሥር ሃያ ዓመት ተጨማሪ ሲደበደብ ኖሯል።

ደም ወይስ ኑሮ?

ነገሩ የዘር ከሆነ፣ በአፍሪካ ያለው ጥቁር ሕዝብ ከአሜሪካው እኩል ወይም የባሰ ግፊት ሊኖረው ይገባ ነበር። ይህን የፈተነ ሰው አለ፤ ሪቻርድ ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በምዕራብ አፍሪካ፣ በካሪቢያን ደሴቶችና በቺካጎ አቅራቢያ የሚኖሩ፣ የዘር ግንዳቸው ከምዕራብ አፍሪካ የሆነ ሰዎችን አስለካ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፤ ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው በምዕራብ አፍሪካ 16 በመቶ፣ በካሪቢያን 26 በመቶ፣ በአሜሪካ 33 በመቶ ናቸው። ደሙ አንድ ነው፤ የተለያየው የሚኖሩበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ነጮቹን ጨምረው አነጻጸሩ። ናይጄሪያ ውስጥ 13.5 በመቶ ሲሆን፣ ጀርመን ውስጥ 55 በመቶ ሆኖ ተገኘ። አክስቴ ይህን ቢሰሙ «ታዲያ የጀርመን በሽታ ነው በለኛ!» ማለታቸው አይቀርም።

ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ። በዘመቻ ሙሴና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የተወሰዱትን ቤተ እስራኤላውያን የእስራኤል ሐኪሞች ብዙ አጥንተዋቸዋል። ሲደርሱ የስኳር በሽታና የደም ግፊት በመካከላቸው ጥቂት ነበር። በእግር መሄድ ቀርቶ አውቶቡስ ሲመጣ፣ ጤፍና ሽሮ ቀርቶ ነጭ ዳቦና ስኳር ሲተካ፣ ዓመታት እየቆጠሩ ሁለቱም በሽታዎች ጨመሩ። ዘራቸው በአውሮፕላን ላይ አልተለወጠም።

ንጉሥም ሆነ ፕሬዚዳንት

የታሪክ ፍቅር ካለዎት አንድ ነገር ላስታውስዎ። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስዊዝ ቦይ መንገድ ላይ ባለው ታላቁ መራራ ሐይቅ፣ «ኩዊንሲ» በተባለች የጦር መርከብ ላይ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተው ነበር። ሩዝቬልት የዚያን ጊዜ በዓለም ኃያል የሚባሉ፣ ነጭ፣ ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ሐኪም ከጎናቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ «ራሴን በጣም አመመኝ» ብለው ወደቁ። ሐኪማቸው ሲለካ ግፊታቸው 300 በ190 ደርሶ ነበር። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በ63 ዓመታቸው ሞቱ። ግፊታቸው መጨመሩ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። የታወቀውን የሚያወርድ ደህና ኪኒን ግን በዓለም ላይ አልነበረም። በብዛት የሚታዘዘው የመጀመሪያው የግፊት ኪኒን ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው።

ከእኛም ዳግማዊ ምኒልክ በተደጋጋሚ ስትሮክ ተመትተው፣ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አንደበታቸው ተይዞ ለዓመታት ከተኙ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ማረፋቸውን ያውቃሉ። ለምኒልክም ለሩዝቬልትም ያልነበረው ኪኒን ዛሬ ቡሬ ከተማ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የእኛው መልክ

በዓለም ላይ በስትሮክ ከሚሞቱት ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ይኖራሉ። የእኛ ሀገር ስትሮክ ደግሞ የራሱ መልክ አለው።

ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የረጋ ደም የአንጎልን የደም ሥር ይዘጋዋል። በሁለተኛው የደም ሥሩ ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ይፈስሳል። በአሜሪካ ከመቶ ስትሮክ 87 ያህሉ የመዘጋት ነው። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶችን ካገላበጡ ግን የመፈንዳቱ ድርሻ ከሢሶ እስከ ግማሽ ይደርሳል። ታማሚዎቹም ከአውሮፓና ከአሜሪካ ታማሚዎች በዕድሜ ያንሳሉ። ደም የሚፈስበት ስትሮክ ቶሎ የሚገድለው ነው።

ለምን እኛ ጋ በዛ? ዋናው ተጠያቂ ያልታወቀ፣ ያልታከመ የደም ግፊት ነው። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ፓምፑን ከልክ በላይ አስነሥቶ የሚሠራ ሰው ጎማው ወዲያው አይፈነዳበትም። ወራት ሲያልፉ የሳሳው ቦታ ያብጣል፤ አንድ ቀን ይቀደዳል። በአንጎል ውስጥ ጠልቀው የሚገቡት የደም ሥሮች ደግሞ እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በኩል በመላ ሀገሪቱ በተደረገው ጥናት፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች 16 በመቶ ገደማ፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶበታል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ቁጥሩ ከጀርመን ቢወዳደር ትንሽ ነው። ጀርመናዊው ግን ይለካል፣ ኪኒኑን ይወስዳል፤ በሰማንያ ዓመቱም ይጦራል። የእኛው ሰው ግፊት እንዳለበት የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከወደቀ በኋላ ነው።

አንድ የቤተሰቤን ነገር ልንገርዎ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ቋሪት ገጠር የሚኖር ገበሬ ነው። ጠላት የሌለው፣ ጫት የማይቅም፣ ሲጋራ የማያጨስ፣ ተራራውን እንደ ሜዳ የሚወጣ የ52 ዓመት ሰው ነበር። ባለፈው ክረምት ድንች ሲኮተኩት ዶማው ከቀኝ እጁ ወደቀ። ላንሣው ብሎ ሲጎነበስ እጁ አልታዘዝ አለ። ሚስቱ ስትደርስ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቃሉ ተኮላትፎ አገኘችው። ጎረቤት ተሰበሰበ። «መጋኛ ነው» ያለ አለ፤ «ልክፍት ነው፣ ወደ ጸበል» ያለም አለ። አንድ አዛውንት «አያ ደክሞት ነው፤ ትንሽ ይተኛና ይነሣል» አሉ። ተኛ። ሲመሽ ባሰበት። ሲነጋ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪና መንገድ አወጡት፤ ከብዙ ጥበቃ በኋላ መኪና ተገኝቶ ፍኖተ ሰላም ደረሰ። እዚያ ሲለካ 210 በ120 ሆነ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መለካቱ ነበር። ወደ ባሕር ዳር ተላከና ሲቲ ስካን ተነሣ፤ የፈሰሰ ደም ታየ። ከድንች ማሳው እስከ ሲቲ ስካኑ አንድ ቀን ተኩል ሄዷል።

ተረፈ፤ ይመስገን። ቀኝ እጁ ግን ሞፈር አይዝም። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ልጁ ትምህርቱን ትቶ ያርሳል። በጥናቶቹ ውስጥ እንዲህ ያለው ልጅ በየትኛውም ሠንጠረዥ አይቆጠርም።

ቢራው ደርሷል፤ መለኪያው የት አለ?

በሥራዬ ምክንያት ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ እስከ ሽንዲ ያሉ ሱቆችን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ቢራና ለስላሳ መጠጥ ያልደረሰበት የገበያ ቦታ አላየሁም። መኪና የማይገባበት ቀበሌ እንኳን ሣጥኑ በአህያ ይደርሳል። በእኛ ሙያ ዕቃው መጋዘን ውስጥ መኖሩ ሽያጭ አይባልም፤ ገዢው እጅ ሲገባ ነው። በዚህ ዓይን ካየሁት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከተማና ገጠር የምንለው የሞት ልዩነት ብዙው የስርጭት ችግር ነው። መድኃኒቱ ተፈልስፏል፣ ርካሽ ሆኗል፤ ገበሬው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ምንም የለም ማለት አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው ጤና ኬላ አሉ። በየጤና ጣቢያው ግፊት ይለካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተር ያለው ቤተሰብ መድኃኒቱን በዚያው ማግኘት ይችላል። ጤና ጣቢያ የሚሄደው ግን ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን የያዘችና የታመመ ሰው ነው። «ደህና ነኝ» የሚለው የሃምሳ ዓመት ወንድ በዚያ በር አያልፍም። ግፊት ደግሞ ደህና ነኝ በሚል ሰው ውስጥ ነው የሚኖረው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተከሰተው ግጭት መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት ብዙ መሆናቸውን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰላሙ ቀን እንኳን ቅርብ አይደለም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ስትሮኩ በጀመረ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም ሲቲ ስካን ተነሥቶ ደም አለመፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ። በሀገራችን የሚሰጥባቸው ቦታዎችም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከቋሪት ወይም ከሰከላ ተነሥቶ በሰዓቱ ደርሶ ይድናል ብሎ ተስፋ ማድረግ ለጊዜው ሎተሪ ነው። መንገዱ ሩቅ ለሆነበት ሰው ትልቁ መድኃኒት በፊት መለካቱ ነው። ይህን ከከተማ ሰው ይልቅ የገጠር ቤተሰብ ላለው አጥብቄ እናገራለሁ።

ስለዚህ ለበዓል ወደ ገጠር ሲወርዱ ከሸማውና ከስኳሩ ጋር በባትሪ የሚሠራ የክንድ ግፊት መለኪያ ይያዙ። የቤተ ዘመዱን ጎልማሶች ሁሉ ይለኩ። ሰውየው ቡና ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ይለፈው፤ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ይረፍ፤ ጀርባውን ይደገፍ፤ ክንዱ በልቡ ትክክል ይሁን። ከ140 በ90 በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይድገሙትና ጤና ጣቢያ ይላኩት። ከ180 በ120 በላይ ከሆነ ቀን አይቅጠሩ።

ጨው፣ ጎመን፣ አረቄ

በዚያው ጥናት የኢትዮጵያዊ የቀን ጨው አማካይ ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ማለት ነው። በርበሬው ሲደለዝ ጨው አለው፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው አለው፣ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል፤ በገጠራችን ቡናውም በጨው ይጠጣል። የጎጃምን ቡና በጨው መንቀፍ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ግፊት ያለበት ሰው ስኒው ላይ ጨው ባይጨመርለት ቡናው ቡና መሆኑ አይቀርም። አረቄውም ያው ነው፤ በየቀኑ ሲሆን ግፊትን ይጨምራል።

ደስ የሚለው ወሬ ጎመን ነው። በናይጄሪያና በጋና «ሳይረን» የተባለ ጥናት 2,118 የስትሮክ ታማሚዎችን ከ2,118 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትሟል። የደም ግፊት አንደኛ ነው። ከአደጋዎቹ መካከል ገበታ ላይ ጨው መነስነስ ሲገኝበት፣ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል አዘውትሮ መመገብ ደግሞ የሚከላከል ሆኖ ተገኝቷል። በሰርግ ቤት የድሃ ምግብ እያልን የምንዘለውን ጎመን ማለት ነው።

ኪኒን፣ ጾምና ጸበል

ዘር ሥራ ላይ የሚውልበት አንድ ቦታ ሐኪሙ ኪኒን ሲመርጥ ነው። በካሜሩን፣ በኬንያ፣ በሞዛምቢክ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የተደረገ «ክሪዮል» የተባለ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳየው፣ አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምር መድኃኒቶች ከሌለባቸው በተሻለ ግፊትን ያወርዳሉ። አምሎዲፒን በየፋርማሲው የሚገኝ፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ ነው። በቀን አንዴ ስለሆነም በጾም ለማይበላ ሰው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ማመቻቸት ይቻላል። በራስ መድኃኒቱን ለሁለት ወር ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። «ቀለለኝ» ብሎ መተውም እንዲሁ፤ የቀለለው ኪኒኑ ስለሠራ ነው።

ጸበል የሚገቡ ወላጆች ካሉዎት ከእምነታቸው ጋር አይጣሉ። ኪኒኑን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ ይለምኗቸው፤ የነፍስ አባታቸውን ያማክሩ። አንድ ቃል ከካህን አፍ ሲወጣ ከእርስዎ አሥር ቃል ይበልጣል።

ወጣት ሴት ልጅ በስትሮክ ስትመታ ደግሞ ብዙ ጊዜ መነሻው ልብ ነው። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስል የልብ ቫልቭን ያበላሻል፤ ከተበላሸው ቫልቭ የረጋ ደም ተነሥቶ አንጎል ይገባል። ስለዚህ ልጅዎ ጉሮሮው ሲያብጥና ሲያተኩሰው እንጥል ማስቆረጥ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ወስዶ ማሳየት ነው መፍትሔው።

ያ ቀን ከመጣ

ፈገግ እንዲል ይጠይቁት፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ከሄደ፣ ሁለቱን እጆች ሲያነሣ አንዱ ከወደቀ፣ ስሙን ሲናገር ቃሉ ከተኮላተፈ፣ ስትሮክ ነው ብለው ይነሡ። ድንገተኛና ከዚህ በፊት ያልነበረ ከባድ ራስ ምታትም እንዲሁ። የደም ሥር በተዘጋበት አንጎል በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ።

ምንም አያጉርሱት፣ ምንም አያጠጡት። ቡናም፣ አጥሚትም፣ ጸበልም ቢሆን። መዋጥ ያቃተው ሰው ትን ሲለው ፈሳሹ ሳንባው ይገባል፤ ከስትሮኩ ተርፎ በሳንባ ምች የሚሞት ብዙ ነው። ጸበሉን ይርጩት እንጂ አያጠጡት። አስፒሪንም አይስጡት፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያባብስበታል። በጎኑ አስተኝተው፣ ራሱን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ የሚወስዳቸውን ኪኒኖች በፌስታል ይዘው ይውጡ። የትኛው ሆስፒታል ሲቲ ስካን እንዳለው፣ ሠፈር ውስጥ ማታ የሚነሣ መኪና ወይም ባጃጅ ያለው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁና ስልክዎ ላይ ይያዙት።

ሲደርሱ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «መቼ ጀመረው?» ብሎ ነው። «ጠዋት» አይበሉት። «2 ሰዓት ላይ ቁርስ ሲበላ ደህና ነበር፤ 2 ከሩብ ላይ እጁ ወደቀ» ይበሉት። ከእንቅልፉ ሲነሣ ያገኘው ከሆነ የሚቆጠረው ከነቃበት ሰዓት ሳይሆን፣ ማታ ደህና ሆኖ ከተኛበት ሰዓት ነው።